ሐኪም ሲሳሳት፦ ይታሰር ወይስ ይካስ?

አወያይ፦
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። የዚህ ሳምንት ክርክር ከራሳችን ቤት የወጣ ነው። የቀበሌ 14ቷ እህታችን የታናሽ እህቷን ነገር ከጻፈች ወዲህ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ ሲነታረክ ከርሟል። ላላነበባችሁ በአጭሩ፦ እህቷ አምና ጥቅምት እዚሁ ከተማ በኦፕራሲዮን ወለደች። ከዚያ ወዲህ ሆዷ አልሻር አለ። ቁርጠት፣ ትኩሳት። ስትመላለስ «ጨጓራ ነው» እየተባለች ኪኒን ይዛ ትመለስ ነበር። በኋላ ሌላ ቦታ ሆዷ ሲከፈት ጎዝ፣ ያ በኦፕራሲዮን ጊዜ ደም የሚጠረግበት ጨርቅ፣ ተገኘ። አሁን ደህና ናት።
ጥያቄው እንግዲህ፦ ሐኪም በሥራው ላይ ሲሳሳት ነገሩ የፖሊስ ነው ወይስ የካሳ? ካሳ ከሆነስ ከማን ኪስ? የሆስፒታልና የሐኪም ስም የጻፈ ይሰረዛል። ጉዳዩ ገና አልተጣራም፤ እኛ ደግሞ ችሎት አይደለንም።

ፔዳ ጊቢ፦
ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ሹፌር ሰው ገጭቶ ሲገድል ይታሰራል። ሐኪም ሲሆን «ሥራ በዝቶበት ነው» የሚባለው ለምንድን ነው? ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ከሕግ በላይ ሆነ እንዴ? አንዱ ይታሰር፣ ሌላው ጎዙን ቆጥሮ ይዘጋል። አለቀ።

ተረኛው፦
ስሜን አልጽፍም፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። የቀበሌ 14ቷ፣ እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር እህትሽን ጨርሶ ይማርልሽ። ሆድ ውስጥ ጎዝ ተረስቶ መዘጋቱን ቆሜ አልከራከርለትም።
ፔዳ፣ አንተ ግን የሚታሰረው ያጠፋው ይመስልሃል። የሚታሰረው በቦታው የተገኘው ነው። አብሮኝ የተማረ ልጅ በሽተኛ ሞተበት ተብሎ ከዎርድ ፖሊስ ወሰደው። ኮሚቴ አልተሰበሰበ፣ አስከሬን አልተመረመረ። በሽተኞቹ እያዩ ነው በካቴና የሄደው። ቆይቶ ጥፋት የለበትም ተባለና ወጣ። አሁን ከባድ ኬዝ ሲመጣለት እጁ አይሄድለትም፤ ሪፈር ይጽፋል። ወዴት? አዲስ አበባ። መንገዱ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ እንዴት እንደሰነበተ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዓባይ በረሃን ሳይሻገር የሚያልፍ በሽተኛ አለ፤ ያ ሞት በማንም ስም አይመዘገብም።
ሕንድ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ነገር ወስኗል። ሐኪምን በወንጀል ለመክሰስ ተራ ስህተት አይበቃም፤ ቸልተኝነቱ ከባድ መሆን አለበት፤ ከክሱ በፊትም ገለልተኛ ሐኪም አስተያየቱን ይስጥ ብሏል። እኔ የምለው ይህንኑ ያህል ነው። ሰክሮ ቢላ የያዘ ይታሰር፤ ለሱ ጠበቃ አልቆምም።

ፔዳ ጊቢ፦
«ገለልተኛ ሐኪም» ማለት የክፍል ጓደኛው ማለት ነው? 😂

የቀበሌ 14ቷ፦
ዶክተር፣ ስለ ምርቃትህ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኛ ቤት ማንም «ይታሰርልን» አላለም። ፖሊስ ጣቢያ የሄድነው የሚያናግረን ስላጣን ነው። ሆስፒታሉ ስንሄድ ካርድ ክፍል «ካርዱ የለም» ይላል፣ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ነው ይባላል፣ ሐኪሙ ተዛውሯል ይባላል። ፖሊስ ጣቢያ ግን ወንበር ሰጥተው ቃላችንን ጻፉልን። ከሁሉም ቦታ ቁጭ በሉ ያለን ፖሊስ ብቻ ነው።
ባሏ ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን ባጃጁን ሸጧል። ሐኪሙ አምስት ዓመት ቢታሰር ባጃጁ ይመለሳል? እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ምን እንደተፈጠረ አንድ ሰው ፊት ለፊት ይንገረን፤ ያወጣነውን ይመልሱልን።

ጥቁር ካባ፦
ጠበቃ ነኝ። ፔዳ የሹፌሩን ነገር ማንሳቱ ጥሩ ነው፤ እሱ እንዳሰበው ባይሆንም።
የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲቀጣ ሐኪምንና አሽከርካሪን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ጎን ለጎን የሚጠራቸው። የሰውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ አለባቸውና ቅጣታቸው ከሌላው ሰው ይከብዳል፦ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ። የአካል ጉዳት ሲሆን አንቀጽ 559 ነው። ሰክሮ ወይም ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ ደግሞ 543 ንዑስ 3 አለ፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። እንግዲህ ዶክተር የጠየቀው ሰካራም ሐኪም ቦታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። መቀጮው ለመንግሥት ገቢ ነው፤ ለተጎጂው ቤተሰብ ካሳ አይደለም።
እስር ቤት ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ከዚያ በኋላ ይለያያሉ። ሹፌሩ በአዋጅ 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መኪናውን ከግቢ ማውጣት አይችልም። ሰው ከገጨ፣ እሱ ቢታሰርም ባይታሰርም፣ ተጎጂው የሚጠይቀው መድን ድርጅት አለ። ሐኪሙ ላይ ግን እስራቱን ጫኑበትና መድኑን ረሱት። የእህታችን ቤተሰብ የሸጠው ባጃጅ እንኳ መስታወቱ ላይ የመድን ስቲከር ነበረው። ባጃጁ የእግረኛ ጣት ቢረግጥ የሚከፍል ነበር፤ ሆድ ውስጥ ጎዝ ሲረሳ ግን የለም። የእኔ ክርክር ከዚህ አይዘልም፤ ሕጉ የጀመረውን ይጨርስ።

ጡረተኛው ኦዲተር፦
ልጄ፣ ያነሳኸውን አዋጅ እኔም አውቀዋለሁ። ጣሪያውን ለምን ዘለልከው? በ2005 ሲወጣ ለሰው ሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበር ያለው። ሰውየው ከሞተ 40 ሺህ፣ አጥሩ ከፈረሰ 100 ሺህ! ይህንን ነው ለሐኪም ልትገለብጥልን የምትፈልገው?
ሌላም ልጨምር። ዓረቦኑን፣ የመድኑን ክፍያ ማለቴ ነው፣ ማን ይከፍላል? ሐኪሙ እንዳትሉኝ፤ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎቹ ደመወዝ አልበቃንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። የግል ሆስፒታል ቢከፍል ነገ የካርድ ዋጋ ላይ ይጭነዋል። መንግሥት ይክፈል ካላችሁ ደግሞ ጓንት ያጣ ሆስፒታል ዓረቦን ይክፈል ማለታችሁ ነው።

ጥቁር ካባ፦
ጋሼ፣ የጣሪያውን ነገር አልዘለልኩትም፤ ጊዜ እየጠበቅኩ ነበር። ዳላስ ያለችው እህታችን ትቅደም። እዚያ በዚህ ጉዳይ ምርጫ ድረስ ተሂዶበታል።

ዳላስ ያለሁት፦
አለሁ 😀 ነርስ ነኝ፤ የተወለድኩት ድብ አንበሳ ሆቴል ጀርባ ነው።
ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሕጉን ለውጧል። ሐኪም የሚከፍለው የሕመም፣ የሥቃይና የሐዘን ካሳ ከ250,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተባለ። ሕዝቡም በዚያው ዓመት ድምፅ ሰጥቶ አጸናው። የሕክምና ወጪና የቀረ ደመወዝ ጣሪያ የለውም። ከቴክሳስ ቀድማ ያደረገችው ካሊፎርኒያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ያው 250 ሺህ። እስከ 2022 ሳይነካ ቆይቶ በዚያ ዓመት ተሻሻለ፤ ከ2023 ጀምሮ 350 ሺህ፣ ሞት ከሆነ 500 ሺህ፣ በየዓመቱም ከፍ እያለ ይሄዳል።
ቴክሳስ ውስጥ ምን መጣ? ክሱ በጣም ቀነሰ፣ የሐኪሞቹ ዓረቦንም ወረደ። ሐኪሞች እፎይ አሉ። «ሐኪም ወደ ገጠር ይጎርፋል» የተባለው ግን እስከዛሬ ያከራክራል፤ ያጠኑት ሰዎች አልተስማሙም። የተጎዳውን ልንገራችሁ። ደመወዝ የሌለው ሰው ነው። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ የቤት እመቤት። የቀረባቸው ደመወዝ የለም፤ ሥቃያቸው ደግሞ ጣሪያ አለው። ጠበቃው እዚህ የሚከፈለው ከካሳው ላይ በመቶኛ ነው፤ ባለሙያ ምስክር ማስቀረብ ውድ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ሠርቶ «ይቅርታ እናቴ፣ ጉዳይዎን አልይዝም» ይላል። ሕጉ አልከለከላትም፤ በር ላይ ቀረች እንጂ።
እና እባካችሁ የአሜሪካን ጠብ ወደ ጣና አታምጡት። እዚህ የሚጣሉት ካሳው በዛ ብለው ነው።

ጥቁር ካባ፦
አመሰግናለሁ። አሁን የእኛን ጣሪያ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።
የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ሲወጣ አንቀጽ 2116 ላይ የሞራል ካሳ፣ ማለትም የሥቃይና የሐዘን ካሳ፣ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ብሎ ወሰነ። አንድ ሺህ ብር። ልጁ ለሞተበት አባት፣ ሆዷ ሁለት ጊዜ ለተቀደደ አራስ። ካሊፎርኒያ 250 ሺህ ዶላሯን 47 ዓመት ሳትነካ ቆየች ተብላ ተወቅሳለች። የ1952ቱ አንድ ሺህ ብር በጊዜው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ይዛችሁት ገበያ ውጡና ምን ይዛችሁ እንደምትመለሱ እዩት። ፔዳ፣ ሰው ሁሉ «ይታሰርልኝ» የሚለው ክፉ ሆኖ አይደለም። እስራት ነው ዋጋው ያልረከሰው።
ለቁሳዊ ጉዳቱ፣ ማለትም ለሕክምና ወጪውና ለቀረው ገቢ፣ እኛም ጣሪያ የለንም። ባጃጁ እዚያ ውስጥ ይገባል። አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ተላልፎ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል ይላል፤ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋሙ በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ኃላፊ ነው ይላል። ሐኪሙን የተዛወረበት ድረስ ማሳደድ የለብሽም እህቴ።

ፔዳ ጊቢ፦
ታዲያ ሕጉ ካለ ለምን አይከሰሱም?

ጥቁር ካባ፦
ጥፋቱን ማስረዳት ያለበት ተጎጂው ስለሆነ። ለማስረዳት ካርድ ያስፈልጋል፤ ካርዱ ያለው ተከሳሹ እጅ ነው። ካርዱን አንብቦ የሚመሰክር ሐኪም ያስፈልጋል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ሐኪም ሐኪም ላይ ሲመሰክር ያየህ ካለህ ንገረኝ። ፍርድ ቤት አስተያየት የሚጠይቀው የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴን ነው፤ በአብዛኛው እዚያም የተቀመጡት ባለሙያዎች ናቸው። እዚህ ላይ ቀልድህ እውነት አለው።
ይህ ግን የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1984ን ከ30,000 በላይ የበሽተኛ ካርዶች መርምረው እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከመቶ ገቢ በሽተኞች 3.7 ያህሉ በሕክምናው ተጎድተዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ከሩብ በላይ የሆነው በቸልተኝነት ነው። በቸልተኝነት ከተጎዱት ደግሞ የከሰሱት ጥቂቶች ናቸው። በዚያ ሁሉ ጠበቃ መሐል!

ሲስተር ጡረተኛዋ፦
ልጆች፣ እኔም ትንሽ ልበል። ዕድሜዬን የጨረስኩት ማዋለጃና ኦፕራሲዮን ክፍል ነው።
ጎዝ እንዴት ሆድ ውስጥ ይቀራል ለምትሉ፦ ትልቁ ጎዝ ጫፉ ላይ ክር አለው። ክሩ ከሆድ ውጭ ተስቦ በመያዣ ይቆነጠጣል፤ ጎዙ ደም ጠጥቶ ሥጋ ቢመስልም ክሩ ይታያል። ሳይከፈት ይቆጠራል፣ ሳይዘጋ ይቆጠራል። ሁለት ሰው ነው የሚቆጥረው፤ አንዷ በእጇ፣ አንዷ በዓይኗ፣ ቁጥሩም ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ባለ 19 ነጥብ ዝርዝር ውስጥም ይህ ቆጠራ አለ።
ሌሊት ላይ ደም እየፈሳት የመጣች እናት ስትገባ ግን ሁለተኛዋ ነርስ ደም ባንክ ተልካለች። ሰሌዳው ላይ የቀኑ ቁጥር አልጠፋም። መብራት ይሄዳል፤ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ሐኪሙ በስልክ መብራት እጁን እያየ ይሰፋል። ቆጣሪዋ «ሞልቷል» ትላለች፤ ሐኪሙ ይዘጋል። አሁን ማንን ታስራላችሁ? የሰፋውን? የቆጠረችውን? ሁለተኛ ነርስ ያልመደበውን?
እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። አንድ ሰው በታሰረ ማግስት ካርድ ላይ የሚጻፈው ያንሳል። «ደም ብዙ ፈሷታል» ተብሎ ይጻፍ የነበረው «ደህና ናት» ይሆናል። የጻፍሽው ይያዝብሻል የሚል ወሬ ከዎርድ ዎርድ ይዞራል። ስለዚህ ልጄ ፔዳ፣ «ሌላው ይማራል» ያልከው ልክ ነህ፤ የሚማረው ግን መደበቅ ነው።

ተረኛው፦
ሲስተር እውነታቸውን ነው። ካርዱ የሚጠፋው ለምን ይመስላችኋል።

የቀበሌ 14ቷ፦
ዶክተር፣ እንዲህ ስትል ደሜ ይፈላል። እናንተ ስለፈራችሁ የእህቴ ካርድ ይጥፋ?

ተረኛው፦
አይጥፋ። ለምን እንደሚጠፋ ነገርኩሽ እንጂ ይሁን አላልኩም፣ እህቴ።

ባለጀልባው፦
እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ጣና ላይ ካለችው ከደቅ ደሴት ነው ሰው የማመላልሰው። ምጥ የጠናባት ስትኖር ይደወልልኛል። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ነፋሱ ተነስቷል፤ ማዕበሉን እያየሁ ሴትየዋን ላሳፍር ወይ ላቆይ የምወስነው እኔ ነኝ። የነዳጁን ቤተሰብ አዋጥቶ እስኪሰጠኝ የሚያልፈው ጊዜም አለ። የጤና ጣቢያውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አደርገዋለሁ እንዳይርስ።
አንድ ጊዜ ያመጣኋት እናት ልጇ ሞተ። ቤተሰቡ ሐኪሙን ሊደበድቡ ተነሱ፣ አስታማሚው ሁሉ ተሰበሰበ። ሐኪሙ «ዘግይታ መጥታ ነው» አለ። ወረቀቱን አብረን አየነው። የደረሰችበት ሰዓት ተጽፏል፤ ከደቅ የተነሳችበት ሰዓት የለም። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ብጠየቅ ኖሮ ከመቼ እስከ መቼ ውኃ ላይ እንደነበርን እነግራቸው ነበር፤ ደግሞም በር ላይ ምን ያህል እንደቆየን እነግራቸው ነበር፤ እሱም አጭር አልነበረም።

ዳላስ ያለሁት፦
ባለጀልባው ከሁላችን በላይ ተናገረ። የኒውዚላንድ መንገድ ለእንዲህ ዓይነቱ ነው የሚመቸው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ማን አጠፋ ሳይባል ከአንድ የሕዝብ ፈንድ ይከፈላል። በሕክምና የተጎዳ ሰው ሕክምናው ይሸፈንለታል፣ ሥራ ካስፈታው የገቢውን 80 በመቶ በየሳምንቱ ያገኛል። በምትኩ ሐኪሙን ለካሳ ብሎ መክሰስ የለም። ሐኪሙ ራሱ ነው የበሽተኛውን ቅጽ የሚሞላለት፤ ምን ይፈራል?
አንድ ሆስፒታል ደግሞ እዚሁ አሜሪካ አለ፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሲያጠፉ ራሳቸው ጠርተው ይነግራሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ካሳ ያቀርባሉ። ክሱ ይበዛል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ከ100,000 የሕክምና ግንኙነት በወር 7.03 የነበረው አዲስ አቤቱታ ወደ 4.52 ወረደ።

ጡረተኛው ኦዲተር፦
ይቅርታ መጠየቁ ነፃ ነው፤ ነገ ይጀመር። ፈንዱ ግን ገንዘብ ነው። ኒውዚላንድ ግብር የሚከፍል ሠራተኛ አላት። እዚህ አብዛኛው ሰው ገበሬ ነው።

ጥቁር ካባ፦
ጋሼ፣ ገበሬው እኮ አሁንም ያዋጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ይቺው የጣና ዳሯ ፎገራ ናት። መዋጮው ይሰበሰባል፣ ቋቱ አለ። ከያንዳንዱ ቤተሰብ ትንሽ ተነስቶ፣ የግል ሆስፒታሉም በአልጋው ቁጥር ልክ ጨምሮበት፣ ለሕክምና ጉዳት የተለየ ቋት ቢቀመጥ ምን ይከለክላል?

ጡረተኛው ኦዲተር፦
ምን ይከለክላል? እኔ ኦዲት ሳደርግ የኖርኩት ቋት ነው። ያንን መዋጮ የሰጠ ገበሬ መድኃኒት ቤት ሄዶ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» እየተባለ ነው። በዚያ ላይ የጉዳት ካሳ ስትጭንበት መጀመሪያ የሚጠፋው ፓራሲታሞሉ ነው። ካልቀረ ሆስፒታሉ መድን ይግባ፣ እንደ መኪናው በግዴታ። ብዙ ያጠፋ ሆስፒታል ዓረቦኑ ይጨምር። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ሁለተኛዋን ነርስ ይመድባል፤ ርኅራኄ ስላደረበት ሳይሆን ሒሳቡ ስላልወጣለት። ማን አጠፋ ሳይባል ከተከፈለማ ማን ይጠነቀቃል?

ተረኛው፦
ይህን እቀበላለሁ፤ ዓረቦኑ በሆስፒታሉ ላይ ከሆነ፣ በነፍስ ወከፍ ሐኪም ላይ ካልሆነ። በሐኪም ላይ ከሆነ ማዋለድና ቀዶ ሕክምና የሚመርጥ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም፣ አይገኝም። አሁንም ወደ ኮሚቴው የሚሄደው ክስ የሚበዛው ከነዚህ ሁለት ክፍሎች ነው።

ሲስተር ጡረተኛዋ፦
አዋላጇስ? ስለ ሐኪም ብቻ ነው የምታወሩት። ሌሊት ብቻዋን ያለችው እሷ ናት።

ፔዳ ጊቢ፦
እሺ፣ መድኑ ይሁን። ግን እኔ አንድ ነገር አልለቅም። ካርድ የደበቀ ወይም የቀደደ ይታሰር። የተሳሳተው ሳይሆን የደበቀው። ይህንንም «ስህተት ነው» ልትሉኝ ነው?

ተረኛው፦
አልልም። እዚህ ላይ እጄን አወጣለሁ።

ጡረተኛው ኦዲተር፦
ሰነድ ማጥፋት ድሮም ወንጀል ነው፤ ካርድ ክፍል ሲደርስ ነው የሚረሳው።

አወያይ፦
ሰዓቱ ደርሷል፤ ጣሪያውና ቋቱ ላይ አልተስማማችሁም፣ ለሌላ ቀን ይደር። የቀበሌ 14ቷ አንድ ጥያቄ በውስጥ መስመር ልካልኝ ነበር፤ እዚሁ ይመለስላት ብያለሁ። የጊዜ ገደብ አለው ወይ ነው የምትለው።

ጥቁር ካባ፦
አለው። ከውል ውጭ ኃላፊነት ተብሎ ሲከሰስ አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ይላል። የሕክምና ውል ነው ተብሎ ሲቀርብ ረዘም ያለ ጊዜ አለ የሚል ክርክር አለ፤ አንቺ ግን በዚያ አትመኪ። አምና ጥቅምት ከሆነ ጊዜ አለሽ፤ ብዙ ግን አይደለም። የሁለተኛውን ኦፕራሲዮን ሪፖርትና ደረሰኞቹን ያዢ። የባጃጁን የሽያጭ ውልም አትጣዪ።

የቀበሌ 14ቷ፦
ካርዱስ? ነገ ጠዋት ብሄድም «የለም» ነው የሚሉኝ።

ጥቁር ካባ፦
በቃል አትጠይቂ። ማመልከቻ ጻፊ፤ የእህትሽን ስም፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የተኛችበትን ቀን አድርጊበት፤ እህትሽም ትፈርም። በመዝገብ ቤት አስገቢውና ቀሪው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተምና ቀን ሳታስደርጊ እንዳትወጪ። የለም ካሉሽም «የለም» የሚለውን በደብዳቤ ይስጡሽ። እምቢ ካሉ ክሱ ሲከፈት ፍርድ ቤቱ እንዲያቀርቡ ያዛቸዋል፤ ያን ጊዜ ለዳኛው የምናሳየው ያንን ማኅተም ነው።